የተኛ አይቀሰቀስም

በዚያ ቤት ትልቅ ትንሹ የሚያከብረው አንድ ሕግ ነበር፦ የተኛ ሰው አይቀሰቀስም! ሕጉን ያወጡት አሮጊቷ እናት ናቸው፣ ለፍቶ የደከመ ሰው እንዳይረበሽ ብለው። ባላቸው ዕድሜ ልካቸውን ድንጋይ ሲጠርቡ ኖረው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋደም እንዳሉ ቀሩ። የበኩር ልጃቸው፣ ያ ሳቂታው አናጢ፣ ገና በጎልማሳነቱ እንደ አባቱ ተኝቶ ቀረ። ለቀስተኛው ሁሉ "እንዴት ያለ መልካም ሞት ነው! ሳይሰቃይ፣ ሳይጨነቅ…" እያለ አጽናናቸው። እሳቸውም ይህን ቃል እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ቆሙ። ልጄ ሳይሰቃይ ሄደ! ለአንዲት እናት ከዚህ ሌላ ምን መጽናኛ አለ? ወዮ… ያ ምርኩዝ ውስጡ በነቀዝ የተበላ መሆኑን አላወቁም።

የቀራቸው አንድ ልጅ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሲያንኮራፋ የመስኮቱ መስታወት ስለሚንቀጠቀጥ፣ የሥራ ባልደረቦቹ "ጄኔሬተር" ብለው ስም አውጥተውለታል። "መብራት ቢጠፋ ምን ገዶን፣ እሱ አለልን!" ሲሉ አብሯቸው ይስቃል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ግን መሳቅ ከተወች ቆይታለች። እሷን የሚያስፈራት ማንኮራፋቱ አይደለም፤ ማንኮራፋቱ ድንገት ሲቋረጥ የሚመጣው ዝምታ ነው። ደረቱ ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም… ከዚያ ከውኃ እንደወጣ ሰው ቃትቶ ይመለሳል። ጠዋት ራሱን እያመመው፣ አፉ ደርቆ፣ እንዳልተኛ ሰው ሆኖ ይነሳል። ቀይ መብራት ላይ ቆሞ እንቅልፍ ይዞት ሄዶ ተሳፋሪዎች ጮኸው ባነቁት ዕለት፣ እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

በእንቅልፍ ምርመራው ክፍል ራሱ ላይ ሽቦ ለጣጠፉበት፣ ደረቱን በቀበቶ አሰሩት፣ ጣቱን በመቆንጠጫ ያዙት። "በዚህ ሁሉ ሽቦ ተተብትቤ ነው የምተኛው? ሬዲዮ ልታደርጉኝ ነው እንዴ!" ብሎ ቀለደ። ወዲያው እንቅልፍ ጣለው። ውጤቱን የነገረው ሐኪም ግን አልቀለደም።

"ሲተኙ ጉሮሮዎ ይዘጋል፤ ትንፋሽዎ በተደጋጋሚ ይቆማል። ልብዎም ተጎድቷል። ከእንግዲህ ያለዚህ መሣሪያ እንዳይተኙ፣ ለቀን እንቅልፍም ቢሆን!" አለና በቱቦ አየር የሚነፋ መሣሪያና አፍንጫ ላይ የሚታሰር ማስክ ሰጠው። እስኪሻለውም መሪ እንዳይጨብጥ ከለከለው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባልና ሚስት የተማከሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"እማዬ እንዳትሰማ" አለ እሱ። "ሁለት ሬሳ ሸኝታ ሦስተኛው ታመመ ሲሏት ምኗ ሊችለው?"

ስለዚህ እናት በሩን አልፎ ስለሚሰማው የሽውታ ድምፅ ሲጠይቁ "አየር ማጽጃ ነው፣ እማማ" ተባሉ። ለምን ደበቋቸው? ስለሚወዷቸው! ስንቱን ቤት ያፈረሰው እንዲህ ያለው ፍቅር አይደለምን?

ማስኩን መልመድ ደግሞ ራሱን የቻለ ፍዳ ሆነበት። ማሰሪያው ጉንጩን ያሰምርበታል፣ አየሩ አፈትልኮ ዓይኑን ያደርቀዋል። "ልጓም የገባለት ፈረስ አደረጋችሁኝ!" እያለ አውልቆ ይወረውረዋል። ሚስቱ አንስታ፣ ጠርጋ፣ ማሰሪያውን ላላ አድርጋ መልሳ ታስርለታለች። "ለእኔ ብለህ። ለልጆቹ ብለህ" ትለዋለች። ውሎ አድሮ ለመደው። አንድ ጠዋት ተነስቶ ግንባሩን ዳሰስ አደረገና "ዛሬ እኮ አላመመኝም!" ሲላት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ምነው ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ!

አንድ እሁድ ቀትር ላይ ሚስት ሰፍታ የጨረሰችውን ቀሚስ ልታደርስ ወጣች። እሱ ማስኩን አስሮ ተኝቷል። እናት ብርድ ልብስ ሊደርቡለት በሩን ቀስ ብለው ከፈቱና… ደርቀው ቀሩ። ማንኮራፋት የለም! ባላቸውንም፣ በኩራቸውንም በድን ሆነው ያገኟቸው እንዲህ ባለ ዝምታ ውስጥ ነበር። የልጃቸው ፊት በፕላስቲክ ታፍኗል፤ ቱቦ አንገቱ ሥር ተጋድሟል። "ልጄን ምን አደረጉብኝ!" አሉ በሹክሹክታ። እንዳይቀሰቅሱት ተጠንቅቀው ማሰሪያውን ፈቱለት። ማንኮራፋቱ ተመለሰ። "ተመስገን!" ብለው አልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ልጆቹ እየተሯሯጡ ሲመጡ "እሽሽ! አባታችሁ ተኝቷል" ብለው በሩን ዘጉባቸው። ጥቂት ቆይቶ ማንኮራፋቱ ቆመ። እናት ፈገግ አሉ፤ ያፈነው ነገር ከፊቱ ስለተነሳ በዝምታው አልደነገጡም፣ እንቅልፉ የጠለቀለት መስሏቸው ነበር።

ሚስት ስትገባ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ተቀበሏት። "ቀስ በይ ልጄ፣ ገና አሁን ነው ደህና እንቅልፍ የወሰደው።"

የባሏን ከንፈር አየች፤ ጠቁሯል።

"እማማ፣ ማን ፈታው? ማን ፈታው!"

ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው፣ በጥፊ መታችው፣ ደረቱን ደበደበችው… በመጨረሻ ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ አንዲት ማቃሰት ተሰማች። ጎረቤት መኪናውን አስነስቶ ሐኪም ቤት አደረሳቸው።

ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ሲወጣ "ተርፏል" አለ። እናት ቀና ብለው አዩት።

"ተኝቶ አልነበር እንዴ፣ ልጄ?"

"አልነበረም እናቴ፣ እየታፈነ ነበር። ማንኮራፋቱ ተቋርጦ ዝም ሲል ትንፋሹ ቆሞ ነው።"

አሮጊቷ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም። "የበኩር ልጄም እንዲሁ ዝም ብሎ ነበር…" አሉ ለማንም ሳይሆን። "እኔ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ የጎረቤት ልጆች አባርርለት ነበር። እንዳይረብሹት…"

ልጃቸው መናገር ሲችል አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እጁን ያዙት።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትዋሸኝ። ያን ቀን ብቀሰቅሰው ኖሮ ወንድምህ ይነሳ ነበር?"

"እማዬ፣ እግዚአብሔር ያለው…" ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም፤ እንባው ቀደመው።

"በቃ፣ ገባኝ" አሉና እንባውን በመዳፋቸው ጠረጉለት።

ዕጣ ይሉት ነገር አንዱን ልጅ በአንድ እጁ ሲመልስላቸው፣ የሌላውን መርዶ እንደ አዲስ አረዳቸው። ይህን የትኛዋ እናት ትችለዋለች? ዛሬ ልጃቸው ማስኩን አስሮ በሰላም ይተኛል፤ አያንኮራፋም። እሳቸው ግን ዝምታውን አይችሉትም። ወንበራቸውን ከአልጋው አስጠግተው ይቀመጣሉ፣ ጥቂት ይታገሳሉ፣ ከዚያ ትከሻውን ነካ ያደርጉታል።

"ልጄ?"

"አለሁ፣ እማዬ" ይላል ከማስኩ ሥር።

ዓይኑን ሳይገልጥ እጃቸውን ፈልጎ ይይዛል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይጠሩታል።