ኢኖክ ያላሰረው ክር

ሐሙስ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1909፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ የቡድኑን ማሊያ አጥቤ ወደ ሜዳው ስመልስ ወንድሜን ኢኖክን ከተመልካቾች ደረጃ ግርጌ ወድቆ አገኘሁት። ታኬታውን አድርጓል። አንገቱ ተሰብሯል።

ስድስት ዓመት የሃርልደን እግር ኳስ ቡድን የግራ ክንፍ ነበር። በመስመሩ ይከንፍና ተከላካዩ ሲደርስበት ኳሷን በሶሉ ረግጦ ቀጥ ይላል። ሰውየው ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ሲያልፍ ኢኖክ በውጭ በኩል ይሄዳል። እሱ ሲቆም ሜዳው ሁሉ ጸጥ ይል ነበር። ያ ጸጥታ ዛሬም ቤቴ ድረስ ይመጣብኛል።

በዋዜማው ጉልበቱ አብጦ፣ «ነገ የምናገረው ነገር አለ» ብሎኝ ነበር።

ኢንስፔክተር ሌድጋርድ መጡ፤ ኳስ ጨዋታ አይተው አያውቁም። ጠዋት ሜዳው ላይ የነበሩት ሦስት ናቸው፦ አሰልጣኙ ኦርመሮድ፣ ተጠባባቂው ክንፍ ክሌመንት፣ ሣር ጠባቂው ሽማግሌ ዳክዎርዝ።

«በታኬታ ደረጃ ወጥቶ ተንሸራተተ» አለ ኦርመሮድ። «ስንቴ ነግሬዋለሁ!»

«ተንሸራተተ?» ዳክዎርዝ ሳቀ። «ቅዳሜ በማን ቦታ ማን እንደሚሰለፍ ጠይቁ እንጂ!»

ክሌመንት አመድ መሰለ። «አፍህን ዝጋ፣ አንተ ሽማግሌ! እሱን እያየሁ ነው የተማርኩት!»

እኔም በልቤ ክሌመንት ይሰቀል አልኩ።

ኢንስፔክተሩ ከሬሳው እግር ሥር ተንበረከኩ። የታኬታው ክር በሶሉ ሥር ሁለት ጊዜ ዞሮ ከላይ ተቋጥሯል።

«እህቴ፣ ተጫዋች ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስረው?»

«ሁሉም» አልኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ቋጠሮውን አየሁት። «ኢኖክ ግን እንዲህ አያስርም! ኳሷን በሶሉ ነው የሚያቆማት፤ ክር ከሥር ካለ ያንሸራትተዋል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው የሚጠመጥመው። የሁሉንም ክር የማጥበው እኔ ነኝ፤ የሌሎቹ ሶሉ ሥር የሚያልፈው መሃሉ ይበላል፣ የሱ ግን ተበልቶ አያውቅም።»

«ይሄም ከሶሉ ሥር ሆኖ አልተበላም» አሉ። «ጭቃ እንኳ አልነካውም።»

ከሰዓት በኋላ ሁላችንንም መልበሻ ክፍል ሰበሰቡን።

«ክሩ እንዲህ ከታሰረ በኋላ በዚህ ታኬታ አንድ እርምጃ አልተሄደም። ስለዚህ ከሞተ በኋላ ነው ያደረጉለት፤ የተንሸራተተ እንዲመስል። ማን? ሚስተር ዳክዎርዝ፣ እጅዎን ያሳዩን።»

ዳክዎርዝ የሽመና ማሽን ሦስት ጣት የበላበትን ቀኝ እጁን አነሳ። «እኔ የራሴንም ክር ሚስቴ ናት የምታስርልኝ!»

«ክሌመንት፣ ታኬታህን።»

ክሌመንት አመጣው። ክሩ በቁርጭምጭሚት ልክ እንደተጠመጠመ ደርቋል።

«ኢኖክን ለመምሰል ሁለት ዓመት የለፋ ሰው ይሄን አይስትም» አሉ ኢንስፔክተሩ። «ሚስተር ኦርመሮድ፣ ከጨዋታ በፊት የተጫዋቾቹን ታኬታ ማን ያስራል?»

«እኔ። ሠላሳ ዓመት።»

«የኢኖክንስ?»

ኦርመሮድ እጆቹን አያቸው። «አያስነካኝም ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ስለዚህ እጅዎ የለመደውን አሰረ።»

ኦርመሮድ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። «ኢኖክ ‹ጉልበቴን በመርፌ እያደነዘዝክ በየሳምንቱ አሰለፍከኝ፣ ጨረስከኝ፣ ለክለቡ አለቆች እነግራለሁ› አለኝ። ደረጃው ላይ ተከተልኩት፤ ለመንኩት። ገፋሁት። እንዲሞት አልነበረም፣ ልጄ... እንዲሞት አልነበረም።»

ይሰቀል ያልኩትን ክሌመንትን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ኦርመሮድ በኋላ ሰባት ዓመት ተፈረደበት። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ክሌመንት ክሩን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠምጥሞ በግራ ክንፍ ተሰለፈ። አንድ ለባዶ ተሸነፍን።