ሄድ መለስ የምትለው ማውስ

ኢንስፔክተር የትናየት ቢቸና ላይ የከብት ሌብነት ነገር ስታጣራ ስልኳ ጮኸ። ደዋዩ የሞጣው ሳጅን ያለው ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ለወጉ ያህል ነው የደወልኩልዎ። ገዳይዋ ተይዛለች። ዛሬ ሳይመሽ ወደ ቢቸና አሳፍራታለሁ።»

«ማን ሞቶ ነው?»

«ካርድና ማስታወቂያ የሚያትሙት የጽሕፈት ቤቱ ጋሽ ሰማው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ዕቃ ቤታቸው ውስጥ በዘነዘና ተመትተው ተገኙ። ምግብ የምታበስልላቸው ማናለሽ ናት፤ ዘነዘናው የእሷ፣ ደሙም እጇ ላይ።»

«አምናለች?»

«አላመነችም። እንባ እንኳ አላወጣችም።»

«እኔ ሳልደርስ መኪናው እንዳይነሳ» አለችና ዘጋችው።

የትናየት መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበቷን ስታወዛውዝ፣ መስኮቱን ስትከፍትና ስትዘጋ፣ አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ አላስቻላቸውም፤ «ልጄ፣ ሆድሽን ያምሻል እንዴ?» አሏት። ሆዷስ ደህና ነበር። ቶሎ ያለቀ ነገር ነው የማይዋጥላት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል እየሰማች ያደገች ናትና፣ የሳጅን ያለው ችኮላ ገና ከመንገዱ አንገበገባት።

ሞጣ ስትደርስ የግንቦት ነፋስ አቧራውን ያስነሳዋል፤ ሰማዩም በአንድ ወገን ጠቁሯል። ለቅሶው ድንኳን ደጃፍ የሟቹ ወንድም አቶ ቀለሙ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። የማናለሽ ወንድም ደግሞ ከከተማው ዳር ልጆቹን ይዞ የሚያርስ ሰው ነው። ማናለሽ ገዳይ ተብላ ከሄደች ደሙ ወደ እሱ ደጅ እንደሚሄድ ማንም ያውቃል። ቀለሙ መርማሪዋን አያት፤ ሰላምታ ግን አልሰጣትም።

ሳጅን ያለው ቤቱን አስጎበኛት። ጽሕፈት ቤቱ ፊቱ ወደ መንገድ ነው፤ በጓሮ በሩ ወደ ግቢው ይወጣል። ግቢው ውስጥ ማድ ቤትና ሬሳው የተገኘበት ዕቃ ቤት አሉ። በአንድ በኩል ከጨርቅ ነጋዴው ከከሊፋ ግቢ ጋር የሚያዋስነው አጭር ግንብ አለ።

«ትናንት ከሰዓት ግቢው ውስጥ የነበሩት ሟቹና ማናለሽ፣ እዚህ ክፍል ደግሞ ደምለው ብቻ ናቸው» አለ ሳጅኑ። «የማናለሽ ጩኸት እንደተሰማ መጥቼ ይህን ክፍል ከዕቃ ቤቱ ጋር አሽጌዋለሁ፤ የተከፈተው አሁን ለእርስዎ ነው። ማንም አልነካውም።»

ደምለው ኮምፒዩተሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ገና ወጣት ነው፤ ጋሽ ሰማው ሞያውን አስተምረውት ካርድና ማስታወቂያ የሚሠራላቸው እሱ ነው። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«ከምሳ በኋላ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ነዋ። ለእሁድ የሚደርስ የሠርግ ካርድ ነበረኝ። ከምሳ ተመልሼ እዚች ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ጩኸቱን እስክሰማ አልተነሳሁም።»

ኮምፒዩተሩን አስከፈተችው። ግማሹ የተሳለ የአበባ ሐረግ ብቅ አለ። የትናየት ማውሷን ያዘች። ሽቦ የሌላት ናት፤ በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሞጣ ላይ ብርቅ ነበረች። ወዲያ ወዲህ ብታደርጋት ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት ፍንክች አላለም።

«ምን ሆና ነው?»

«ኧረ እሷን ይተዉአት! ከመጣች ጀምሮ ሄድ መለስ ማለት ነው ሥራዋ። ትሠራለች፣ ድርቅ ትላለች፣ ደግሞ ትመለሳለች። ትናንትማ ከሰዓቱን ሙሉ ስታቃጥለኝ ዋለች። ሁለት ቅጠል ስስል ትጠፋለች፤ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ሳደርጋት ትመለሳለች።»

«ታዲያ በኪቦርዱ አትሠራም?»

«ጽሑፉን እሺ። አበባ በኪቦርድ ይሳላል እንዴ?»

የትናየት ከብረት ጠረጴዛው ሥር ገብታ አቧራ ለበሰች። ማውሷን ከኮምፒዩተሩ ጋር የምታገናኘው፣ ጥፍር የምታህል ሪሲቨር ከሲፒዩው የብረት ሣጥን ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ተሰክታለች። ቢሯቸው ያለችው ማውስም እንዲሁ ከብረት ኋላ ስትሰካ ስታስቸግር አይታለች። ነቅላ ከፊት ሰካቻት። ማውሷ አሁንም አልተንቀሳቀሰችም። በጀርባዋ ገለበጠቻት፤ ማብሪያው ክፍት ነው፣ ቀይ መብራቱ ግን የለም።

«ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ ሰዓቱን እያየ፣ «የመጣነው ኮምፒዩተር ልንጠግን ነው?»

«ዝም ብዬ መቆም አልችልም» አለችው። ማውሷን በነበረችበት አኑራ ወጣች።

ከሊፋ በረንዳው ላይ ጣቃ ጨርቅ እየጠቀለለ ነበር።

«ጋሽ ከሊፋ፣ ከሟቹ ጋር በአሸንዳ ውሃ ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«እንጣላ ነበር፤ እንታረቅም ነበር። ለአሸንዳ ሰው ይገደላል? ትናንት የሠርግ ገበያ ነበር፤ ከቀትሩ፣ ከዙሁር ሶላት እንደተመለስኩ እስከ ጩኸቱ ድረስ ከገዢ ጋር ስከራከር እዚሁ ዋልኩ። የዋለው ሁሉ ምስክሬ ነው።»

«ሟቹን መቼ አዩአቸው?»

«ከሶላት ስመለስ በራቸው ላይ ቆመው ሰላም ተባብለናል። ከዚያ ወዲህ በግቢያቸውም ሆነ በጽሕፈት ቤታቸው በር ከማናለሽ በቀር ሰው አልገባም፣ አልወጣም። እሷም ጀሪካን ይዛ ወጣች፣ ተመለሰች፣ ወዲያው ጮኸች።»

«የሰሙት ነገርስ?»

ከሊፋ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጧት ላይ ጋሽ ሰማው ሲቆጡ ሰምቻለሁ። ‹ነገ ወደ ፖሊስ ነው! ያለቀ ነገር ነው!› አሉ። ለማን እንደሆነ ግን አላየሁም።»

«ለማናለሽ ነዋ!» አለ ሳጅኑ።

«እኔ እንጃ። ሌላ የሰማሁት የደምለውን እርግማን ነው። ያችን ማውስ ሲራገም እኔ ዘንድ ይሰማል። ጧት ሲያወርድባት ነበር። ለዙሁር ስወጣ ማናለሽ ግንቡ ላይ የባትሪ ድንጋይ ስታሰጣ ሰላም አልኳት። ስመለስ ግን ጸጥ ብሏል፤ ታረቁ ማለት ነው ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።»

«ከዚያ ወዲያ አንድም እርግማን አልሰሙም?»

«አንዲትም።»

የትናየት በረንዳው ላይ ሁለት ጊዜ ተመላለሰችና በቀጥታ ወደ ጣቢያው ገሰገሰች።

ማናለሽ ወለሉ ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ እጇ ታስሯል። የትናየት አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እማማ፣ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«ምን እነግርሻለሁ የኔ ልጅ። ቦኖ ሄድኩ፤ ውሃው ጠፍቷል፣ ሰውም የለ። ባዶ ጀሪካኔን ይዤ ብመለስ ወድቀው አገኘኋቸው። ራሳቸውን ጉልበቴ ላይ አደረግሁት።» ወደ መስኮቱ ተመለከተች። «ሰማዩ ጠቁሯል መሰለኝ?»

«ጠቁሯል።»

«ድንጋዮቹ ግንቡ ላይ ቀሩ። ‹ፀሐይ አስመቺያቸው› ብለውኝ ነበር። ዝናብ ከነካቸው አለቀላቸው።»

ሳጅን ያለው በአፍንጫው ሳቀ። «አዩልኝ? ሰው ገድላ ስለ ባትሪ ትጨነቃለች።»

«ከቤቱ ማንን ይጠረጥራሉ?» አለች የትናየት ሳጅኑን ሳትመለከት።

«ማንን ልጠርጥር? ከእኔ ሌላ ደምለው ብቻ ነው። ደምለው ደግሞ ልጄ ነው። እናቱ ስትሞት ጡት እንኳ በቅጡ አልተወም ነበር። እሳቸው አስተማሩት፣ እኔ አጎረስኩት።»

መኪናው ደጅ ላይ ሞተሩን አስነስቷል። የትናየት በጎኑ አልፋ እየሮጠች ወደ ግቢው ግንብ ሄደች፤ ሳጅኑም ተከተላት። ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ማስመታት የሰፈሩ ሁሉ ልማድ ነው፤ በጥርሱ የሚነክሰውም አለ። ግንቡ ላይ ሁለት ወፍራም ድንጋዮች ተሰጥተዋል። ከእነሱ ጎን አንዲት ቀጭን አለች።

«ሳጅን፣ የቤቱ ሬዲዮ የሚበላው የትኛውን ነው?»

«ወፍራሞቹን። ሁለቱን።»

«ይህች ቀጭኗስ?»

ሳጅኑ ትከሻውን ነቀነቀ። የመጀመሪያው ጠብታ ግንቡ ላይ ወረደ። የትናየት ድንጋዮቹን አፍሳ «ሁሉንም ጽሕፈት ቤት ሰብስብልኝ። ማናለሽንም፣ አቶ ቀለሙንም» አለችው።

ሲሰበሰቡ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበርና ድምፅ ከፍ አድርጎ መናገር ግድ ሆነ። ቀለሙ ጠመንጃውን ለሳጅኑ አልሰጥም ብሎ ቆይቶ በመጨረሻ በሩ ላይ አስደገፈው። ማናለሽ ከነማሰሪያዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከሊፋ ግድግዳውን ተደግፏል። ደምለው በለመደው ቦታ፣ ኮምፒዩተሩ ፊት ነው።

«ጋሽ ከሊፋ ከሶላት ሲመለሱ ጋሽ ሰማው በሕይወት ነበሩ» ብላ ጀመረች የትናየት፣ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰች። «ስለዚህ የሞቱት ከዚያ ወዲህ ነው። ጋሽ ከሊፋን ገዢዎቻቸው ያዩአቸዋል። በግቢውም በጽሕፈት ቤቱም በር ሌላ ሰው አልገባም። የቀሩት ሁለት ናቸው። ማናለሽ ‹ቦኖ ነበርኩ› ትላለች፤ ምስክር የላትም። ደምለው ‹ኮምፒዩተር ላይ ነበርኩ› ይላል፤ ምስክሩ ይህች ማውስ ናት። እስቲ እንጠይቃት።»

ማውሷን አንስታ ለቀለሙ ሰጠችው። «ሆዷን ይክፈቱልኝ።»

ቀለሙ በወፍራም ጣቱ ክዳኑን ታግሎ ከፈተው። ውስጡ ባዶ ነበር።

«ባትሪ የላትም» አለ።

ደምለው ቀና አለ። «አንዱ… አንዱ አውጥቶት ይሆናል። ማታ።»

«ጩኸቱን ተከትሎ ክፍሉ ታሽጓል። ዛሬም ከእኔ በቀር የነካት የለም፤ እኔም ሆዷን አልከፈትኩም።» ወደ ማናለሽ ዞረች፤ ቀጭኗን ድንጋይ መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየቻት። «እማማ፣ ይህችን ከየት አወጡ?»

«ከደምለው ማውስ ነዋ» አለች ማናለሽ፣ ምንም ሳትጠረጥር። «እሱ ለምሳ ወጥቶ ነበር። ጋሽ ሰማው ‹የምትጠፋበት ድንጋይዋ ደክሞ ነው፤ ከሬዲዮው ጋር አስጪለት› አሉኝ።»

«መልሰውላት ነበር?»

«መቼ መለስኩ? እስኪበርድ ብዬ…» ደምለውን አየችው።

«ጋሽ ከሊፋ፣ ሲያሰጡ ያዩት ከዙሁር በፊት ነው?»

«ስወጣ ነው። በአላህ ስም፣ በፊት ነው።»

«እንግዲህ ደምለው ከምሳ ሲመለስ ማውሷ ባዶ ነበረች። ባዶ ማውስ ትሞታለች እንጂ ሄድ መለስ አትልም። አንዴ ቢነካት ኖሮ ገልብጦ ያያት ነበር፤ ‹ድንጋዬን ማን ወሰደ?› ብሎም ግቢውን ያምሰው ነበር። እሱ ግን የሁልጊዜ አመሏን ለትናንትም አድርጎ ነገረኝ። ጋሽ ከሊፋም እርግማን ያልሰሙት ታርቀው አይደለም፤ ወንበሩ ላይ የሚራገም ሰው ስላልነበረ ነው። ካርዱ ጧት የተሳለ ነው።»

ድንጋይዋን ከታ ክዳኑን ዘጋች። ቀይ መብራት በራ። ቀስቱ አበባውን ዙሪያውን ሳይደናቀፍ ዞረ።

«ድንጋይዋም ደህና ነበረች» አለች። «የምትጠፋው ሪሲቨሯን ከብረቱ ኋላ ስለ ሰካችኋት ነው።»

ደምለው ሁለት እጁን ጉልበቱ መሀል ከተተ።

«የቀበሌ ማኅተም አስመስዬ ሠርቼ ነበር» አለ። «ጋሽ ሰማው አገኙብኝ። ‹ራስህ በአፍህ ትናገራለህ፣ እኔም አጠገብህ እቆማለሁ› አሉኝ። ማናለሽ ስትወጣ ዕቃ ቤት ድረስ ሄጄ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ‹አልቋል› ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ዘነዘናው ደጃፉ ላይ ነበር።»

ቀለሙ ወደ በሩ ተንቀሳቀሰ፤ ሳጅን ያለው ግን ቀድሞ ጠመንጃው ፊት ቆሟል። የዚያን ቀን ሳጅኑ የሠራው ጥሩ ሥራ ይህ ነው። ከዚያም አንገቱን ደፍቶ የማናለሽን እጅ ፈታና የደምለውን አሰረ።

ማናለሽ ተነሥታ ደምለው ፊት ቆመች።

«ትናንት እኔን ሲያስሩኝ እዚህ በር ላይ ነበርክ።»

«አዎ፣ እታ።»

«ውሃ ጠማኝ ስል በጣሳ ያመጣህልኝ አንተ ነህ።»

«አዎ።»

«እጄ ታስሮ ስለነበር አንተው ይዘህ አጠጣኸኝ። ዓይኔን እያየህ።»

ደምለው የታሰሩ እጆቹን ተመለከተ። ማናለሽ ጠበቀችው፤ ሳጅኑም እንኳ አላጣደፈውም። ከዚያ ዞር አለች፤ ደምለውንም ወደ መኪናው ወሰዱት።

የትናየት ሞጣ ከገባች ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አለች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አላላትም። «እማማ፣ ነፃ ነዎት። ወደ ቤትዎ ይሂዱ» አለቻት።

«የት ልሂድ ልጄ? ቤቴ ይህ ነው፤ የማበስልለትም የለ። ጋሽ ሰማውን እንኳ ሲቀብሯቸው አልነበርኩም።»

ቀለሙ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ገና ጧት የዚህችን ሴት ወንድም ቤት መንገድ ሰው ሲጠይቅ ነበር። ጠመንጃውን እዚያው ተወው፤ ጋቢውን አውልቆ ለዝናቡ ከራሷ በላይ ዘረጋላት።

«ነይ» አላት። «ድንኳኑ ውስጥ ከእኛ ጋር ትቀመጫለሽ። ወንድሜን ስታበይ የኖርሽው አንቺ ነሽ።»

ጭቃውን አቋርጠው ገቡ። ለቀስተኛው ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። ማናለሽ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው፤ ስም እየጠራች አለቀሰች፣ የሞተውንም የታሰረውንም።