በሱሀይላ ዓይን ውስጥ ያለው መስኮት

ማን ይናገር የነበረ ይባላል። እኔ ነበርኩ።

ጅብ በሚጮህበት ሌሊት ነው የሆነው ብዬ አልዋሻችሁም። በጠራራ ፀሐይ ነው። ጁምዓ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ መካነ ሰላም ከተማ፣ እናቴ ቤት። ዓመቱ 2007።

ያላመነ ይተወው... እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ፎቶ አንስቼ አላውቅም። እህቴ ሱሀይላም የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ያኔ ስልክ እጠግን ነበር። በስልክ ፎቶም አነሳለሁ። የከተማው ሰው "የሙሐሲን ፎቶ ከስቱዲዮ ይበልጣል" ይል ነበር። ምንም ምስጢር የለውም እኮ! ሰው ባለበት ቆሞ ዙም ያደርጋል፤ እኔ እግር አለኝ፣ እጠጋለሁ።

ሱሀይላ በደላላ ወደ ጅዳ ልትሄድ ስትል ይህንኑ አስተማርኳት።

"ሌንሱን በሻርፕሽ ጫፍ ጥረጊው። ዙም አታድርጊ። ፊትሽን ወደ መስኮት አዙሪ። መስኮቱ ዓይንሽ ውስጥ ሲታይ ያኔ አንሺ።"

"ኧረ ምን አስጨነቀህ?" ብላ ሳቀችብኝ።

"ለእማ ነዋ!"

እናቴ ፎቶ ስታይ የምታየው ዓይን ነው። ወፈረች፣ ከሳች፣ ልብሷ አማረ አትልም። "አጉላልኝ" ትለኛለች። የሱሀይላን ዓይን አጎላላታለሁ። ቀልቶ እንደሆነ፣ አልቅሳ እንደሆነ ትመረምራለች።

"አላለቀሰችም። አልሐምዱሊላህ" ትላለች ከዚያ።

እኔም እማን አንስቼ እልክላታለሁ። እማ ፎቶ ልትነሳ ስትል ሻሿን ታስተካክላለች፣ ወገቧን ታቀናለች፣ ከዚያ ትንፋሿን ትይዛለች። ሁልጊዜ እንዲሁ ናት።

ሱሀይላ የምትልከው ጁምዓ ከሰዓት ነበር፤ አሠሪዎቿ ያኔ ይወጣሉ። ጎበዝ ተማሪ! ፎቶዋ ጥርት ያለ ነው። ዓይኗ ውስጥ ብረት ያለው ጠባብ መስኮት ይታያል። የጅዳው ማድ ቤት መስኮት።

ከዚያ ድምጿ ጠፋ።

ጁምዓ ይመጣል፣ ይሄዳል... ስልኳ አይጠራም። እማ እህል አልወርድ አላት። የወሰዳትን ደላላ ፍለጋ ደሴ ድረስ ሄድኩ። ቤቱን ዘግቶ ጠፍቷል።

መውሊድ ካለፈ በኋላ፣ ድንገት... ፎቶ መጣ።

"አጉላልኝ!" አለች እማ፣ እየተንሰፈሰፈች።

አጎላሁላት። ዓይኗ አልቀላም። እማ አልሐምዱሊላህ ብላ አለቀሰች።

እኔ ግን ዓይኔን ከስልኩ መንቀል አቃተኝ።

መስኮቱ ብረት የለውም። አራት መስታወት ያለው የእንጨት መስኮት ነው። አንዱ መስታወት በካርቶን ተደፍኗል።

ቀስ ብዬ ዞርኩ። ከተቀመጥንበት መደብ ጀርባ የቤታችን መስኮት አለ። አራት መስታወት። አንዱን የክረምት በረዶ ሰብሮት በካርቶን የደፈንኩት እኔ ነኝ።

የደፈንኩት እሷ ከሄደች በኋላ ነው።

ውጭ ወጥቼ በድምፅ መልእክት ጠየቅኳት። "ሱሀይላ... የት ሆነሽ ነው ያነሳሽው?"

ብዙ ቆይቶ መለሰች። በሹክሹክታ።

"ሙሐሲኔ... እኔ ያለሁበት መስኮት የለውም።"

ለእማ አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

በሚቀጥለው ጁምዓ ሌላ ፎቶ መጣ። ዓይኗ ውስጥ ያለው መስኮት ትልቅ ሆኗል። ዙም ነው እንዳልል፣ ዙም ፎቶ ያደበዝዛል። ይሄ ጥርት ያለ ነው።

በእግሯ ነው የተጠጋችው።

ከዚያ ያ ጁምዓ መጣ። ከሰላት ተመልሼ እማ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ከጀርባችን፣ የጓዳው በር ከፊታችን። ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ነዘረ።

ኔትወርኩ ደካማ ነው። ፎቶው ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይወርዳል።

ሻርፗ...

ግንባሯ...

ቅንድቧ...

ዓይኗ።

እማ ሳትለኝ አጎላሁት። መስኮቱ አለ። ካርቶኑም አለ። ከመስኮቱ ፊት ደግሞ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

አንዷ ሻሽ ያሰረች ናት። ሌላው ስልክ ላይ አጎንብሷል።

ወላሂ፣ ቀና ማለት ፈራሁ። ከፊታችን ያለው ጓዳ ብቻ ነው። ጓዳው ደግሞ በቀንም ጨለማ ነው።

"እማ..." አልኩ በሹክሹክታ። "ስልኩን እዪው..."

አላየችውም። ወደ ጓዳው ነበር የምታየው።

"አንቺ ልጅ..." አለች ቀስ ብላ። "ዓይንሽ ምነው ቀላ?"



ከዚያ አንድ ነገር የታዘዘች ይመስል ራሷን ነቀነቀች።

ሻሿን አስተካከለች።

ወገቧን አቀናች።

ትንፋሿን ያዘች...

ከጓዳው ውስጥ የካሜራ ድምፅ ተሰማ። ቀጭ።