ሳሞይ ፊቷን ያዞረችበት መኖ

ጄላጋት ትባላለች። ዕድሜዋ ዐሥር ነው። ቤታቸው ናንዲ ኮረብታ ላይ፣ ከሻይ ማሳው በላይ ነው። ከዚህ ቤተ ክርስቲያን በር እስከ አጥራቸው ስድስት መቶ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

ቤተሰቡ አምስት ነው። አባቷ አራፕ ታኑይ፣ ሻይ ፋብሪካ የምትሠራው እናቷ፣ ኮጎ የምንላት አያቷ፣ እርሷና ገና በእግሩ መሄድ የጀመረው ወንድሟ ኪፕሮፕ። እኔ ግን ስድስት እላለሁ። ቡራቡሬዋ ላም ሳሞይ በቀን ስምንት ሊትር እየሰጠች ሁሉንም የምትመግብ ናትና።

የጄላጋት ሥራ የሳሞይን የተከካ በቆሎ ጠዋት ሸራ ላይ ማስጣት፣ ከዝናቡ በፊትም መሰብሰብ ነበር። በእኛ ሰፈር ዝናብ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል፤ እንደ ቤተኛ በር ሳያንኳኳ ይገባል። አንድ ሰኞ ጄላጋት ከጓደኞቿ ጋር ገመድ ስትዘል ዝናቡ ቀደማት። ሮጣ ስትደርስ በቆሎው ረጥቧል።

ልጆች፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? መልሱን ለራሳችሁ ያዙት።

እርሷ እርጥቡን ጆንያ ውስጥ ከታ፣ አፉን አስራ፣ ጎተራው ጥግ አስቀመጠችው። አባቷ ከዝናቡ በፊት ሰብስባ እንደሆነ ሲጠይቃት «አዎ» አለች። አንዲት ቃል ናት፤ ስትወጣም አትከብድም።

በስምንተኛው ቀን ጆንያውን ፈታች። እጇን ብትከት ሞቃት፤ እንደ ተኛ እንስሳ ሆድ። እሳት ያገባበት ሰው የለም። በቆሎው ላይ እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሰ አረንጓዴ ነገር በቅሏል። ስትተነፍስበት እንደ ጢስ ብን አለ። እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ የሻይ ችግኝም የዶሮ እንቁላልም ቆጥሬአለሁ። ያንን ብናኝ ግን የሚቆጥረው የፈጠረው ብቻ ነው።

ያንኑ ብታቀርብላት ሳሞይ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። አራፕ ታኑይ ሳቀ።

«ይቺ ላም ደግሞ እንደ አዲስ ሙሽራ መግደርደር ጀመረች እንዴ?»

ጄላጋት አባቷ ጆንያውን እንዳያይ ፈራች። ስለዚህ መኖው ላይ ሞላሰስ፣ ያንን ጥቁር የሸንኮራ ጣፋጭ፣ አፈሰሰችበት። ሳሞይ ቀና ብላ አየቻት፤ ላሰች፤ በላች። ልጆቼ፣ ላሟ በአፍንጫዋ እውነቱን ተናግራ ነበር። በጣፋጭ ዝም ያሰኘቻት ጄላጋት ናት።

ይህ አራት ቀን ቆየ። በአምስተኛው ቀን ወተቱ ከስምንት ወደ አምስት ሊትር ወረደ። የእንስሳት ሐኪሙ ሮኖ ተጠራ፤ የላሟን ገመድ የያዝኩት እኔ ጎረቤታቸው ነበርኩ። ሐኪሙ ሆዷን ዳሰሰ፣ ዓይኗን ገልጦ አየ፣ ምን እንደምትበላም ጠየቀ። አራፕ ታኑይ ልጁ በፀሐይ የምታደርቀው ንጹሕ በቆሎ እንደሆነ ማለለት። ጄላጋት የእግሯን ጣቶች ታይ ነበር።

ሐኪሙ ቦርሳውን እየዘጋ፣ «የሻገተ መኖ አለመሆኑ ደግ ነው» አለ። «የሻጋታ መርዝ በላሟ አልፎ ወተቱ ውስጥ ይገባል። ቢፈላም አይለቅም። ጥቂት በጥቂት ሕፃን ይጎዳል።»

በዚያው ቅጽበት ኮጎ የኪፕሮፕን ወተት በኩባያ ይዛ ከማድ ቤት ወጣች። ወተቱ ነጭ ነው። አረንጓዴ የለበትም፤ አይሸትም። ሕፃኑ ሁለት እጁን ዘረጋ። ከበሩ እስከ እርሱ አራት እርምጃ ነው። በሦስተኛው ላይ ጄላጋት ደርሳ መዳፏን ኩባያው አፍ ላይ አደረገች። ትኩስ ነበር፤ አላነሳችውም።

«ኮጎ፣ አትስጪው። መኖው ሻግቷል። በዝናብ ያስመታሁት እኔ ነኝ፤ ሞላሰስ ያፈሰስኩበትም እኔ ነኝ።»

 አባቷ ጆንያውን አውጥቶ ሲፈታው አረንጓዴው ብን አለ፤ ሐኪሙም አፍንጫውን ያዘ። ጆንያው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ተቀበረ። ኪፕሮፕ ጤና ጣቢያ ተወሰደ፤ ተመርምሮም ደኅና ነው ተባለ።

በእኛ ዘንድ ወተት መሬት ላይ አይደፋም፤ የምንመርቅበት ነው። ሰባት ቀን ሙሉ ግን ተደፋ፤ ጠዋትና ማታ፣ ዐሥራ አራት ጊዜ። የደፋችው ራሷ ጄላጋት ናት። በደፋች ቁጥር ኮጎ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። መሬቱ ያን ሁሉ ነጭ ጠጥቶ እንደ ነበረው ጥቁር ሆነ።

አባቷ አልመታትም። «ስለ ዝናቡ ይቅር ብዬሻለሁ፤ ዝናብ ማንንም ይቀድማል» አላት። «ስለ ሞላሰሱ ግን ሳሞይን ይቅርታ ጠይቂያት።»

ሄዳ ግንባሯን የላሟ አንገት ላይ አሳረፈች። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም።

ያን ዕለት በራሷ እጅ ያደረቀችውን በቆሎ ያለ ሞላሰስ አቀረበችላት። ሳሞይ አሸተተች። ረጅም ጊዜ አሸተተች። እኛም ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን። ከዚያ ጎንበስ ብላ በላች። ሰባቱ ቀን አልፎ ወተቱ ተመርምሮ ንጹሕ ነው ሲባል፣ የኪፕሮፕን ኩባያ ሞልታ የሰጠችው ጄላጋት ነበረች።

ልጆች፣ ጥፋታችሁን በጣፋጭ አትሸፍኑ፤ የተሸፈነ ጥፋት በማናየው መንገድ ሄዶ ከምንወደው ሰው አፍ ይደርሳልና።