ጋቢና ውስጥ የፈሰሰው ውሃ

«ባልዲውን የደፋችው ጽናት ናት» አለች መሲ።

ዓይኗን በጨው አጥባ ነው ያለችው። ጽናት ደግሞ ሩቅ አልነበረችም፤ እዚያው አጠገቧ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመዋል። መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም። ቀጥሎ ክው አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመሲ አባት ጋሽ ወንዳፈራሁ በፒካፓቸው ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭነው ወደ ሞላሌ ሲመለሱ፣ ጣርማ በር ላይ አባ መርስዔ ኃዘንን አገኙና «ይግቡ አባቴ» ብለው ጋቢና አስቀመጧቸው። እስከ ሞላሌ በሰላም መጡ። ከተማው መግቢያ ላይ መኪናው ሲታጠፍ ግን ከዳሽቦርዱ ሥር በረዶ የመሰለ ውሃ ዷ ብሎ ወረደና የአባን እግር ከነቀሚሳቸው አራሰው። ቀኑ ደግሞ የገበያ ቀን! ጥምጣማቸውን ያሰሩ፣ አገር የሚያከብራቸው ሽማግሌ ከጉልበታቸው በታች ውሃ እየተንጠባጠቡ ሕዝብ መሃል ወረዱ። የመንዝ ሰው ይሉኝታ አያጣም፤ ምላስም አያጣም። አንዲት ጌሾ ሻጭ «አባ፣ መንገዱ ረዘመብዎ እንዴ?» አለች። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አባ ጋቢያቸውን ወደ ታች ጎተት አድርገው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ጋሽ ወንዳፈራሁ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር። ቤት እንደደረሱ ሁለቱን ልጆች ጠሩ። ትናንት መኪናውን ያጠቡት እነሱ ነበሩ፤ ያጠቡትም ውጭውን ብቻ ነው። የውስጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርገው ነው የተዉት። መሲ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ታዲያ አባቷ «ውሃ ማን ደፋበት?» ሲሉ ያንን ተናገረች።

«አልደፋሁም፣ ጋሼ» አለች ጽናት።

«መኪና ቢረጥብ ይደርቃል። አባንም ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አሉ ጋሽ ወንዳፈራሁ። «እኔ የማልወደው ክህደት ነው። ደፋሁ በይና እንጨርስ።»

«ያልደፋሁትን እንዴት ደፋሁ ልበል?»

«እንግዲያው እህቴ ቤት ውሸታም አልወስድም። ሐሙስ መሲ ብቻዋን ትሄዳለች።»

ይህ ቃል ጽናትን አንጀቷ ድረስ ዘለቃት። ሁለቱም የአሥረኛ ክፍልን ፈተና አልፈው ደብረ ብርሃን መሰናዶ ሊገቡ ነው። የሚያርፉት የጋሽ ወንዳፈራሁ እህት እትዬ እታገኝ ቤት ነበር። የጽናት እናት ወይዘሮ ጌታነሽ ሱፍ ፈትለው ነው ልጃቸውን ያሳደጉት፤ ከተማ ቤት መከራየት የሚታሰብ አይደለም። እታገኝ ቤት ካልሆነ ትምህርት የለም። መሲም ይህን ታውቃለች። ታውቃለች! ጽናት ቀና ብላ አየቻት። መሲ የሽንኩርቱን ጆንያ ታያለች።

ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። ወደ ቤት ስትመለስ ጽናትን ያንገበገባት ትምህርቱ ብቻ አልነበረም። «ምን አድርጌያት ነው?» እያለች ነው የሄደችው።

እናቷ ነገሩን ሰምተው እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ከዚያ «ደፋሁ በያቸው፣ ልጄ» አሉ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ትምህርትሽ ይበልጣል። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብትዪ አትሰበሪም።»

ጽናትን ግን አንድ ነገር ከጭንቅላቷ አልወጣ አላት፤ ውሃውስ ከየት መጣ?

በማግስቱ የጤና ጣቢያውን አምቡላንስ የሚነዳውን አስቻለውን ፍለጋ ሄደች። ጋሽ አስቻለው መኪናውን አቁሞ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል።

«ጋሽ አስቻለው፣ ማንም ሳይደፋ መኪና ውስጥ ውሃ ሊፈስ ይችላል?»

«የአባ ጉዳይ ነው አይደል?» ብሎ ሳቀ። «ኤሲ ነዋ፣ የመኪናው ማቀዝቀዣ።»

«ኤሲ ለቆላ አይደል እንዴ? እኛ ጋ ብርዱ መች አነሰን።»

«አይ አንቺ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መስታወቱን ሲሸፍነው በምን የምናይ ይመስልሻል? ኤሲ ከፍተን ነው። አየሩን ያደርቀዋል።» ብርቱካኑን ገመሰና ግማሹን ሰጣት። «ስሚ። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ከእግሩ በላይ፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ አንድ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ውስጥ ኢቫፖሬተር የሚሉት ትንሽ ራዲያተር የመሰለ ነገር ተቀምጧል። ቀዝቃዛው ጋዝ በሱ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ሸዋ ሮቢት ላይ ቀዝቃዛ ለስላሳ ከፍሪጅ አውጥተሽ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጪው ጠርሙሱ ምን ይሆናል?»

«ያልበዋል።»

«እሱም ያልበዋል። ላቡ ሳጥኑ ሥር ይጠራቀምና በቀጭን የጎማ ቱቦ መሬት ይወርዳል። መኪና ቆሞ ከሥሩ ንጹሕ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ካየሽ ጤና ነው፤ በሽታ አይደለም።»

«በሽታውስ?»

«በሽታውማ ብዙ ነው። ይህችን የኛዋን አንዴ አቧራና ገለባ አፍኗት ነፋሱ እምቢ አለ። ብንከፍተው አይጥ ወልዳበታለች። ሽታው ያልታጠበ ካልሲ! ሌላ ጊዜ ደግሞ ተበስቶ ጋዙ ያልቃል፤ ያኔ ነፋስ እንጂ ቅዝቃዜ የለም።»

«ቱቦው ቢደፈንስ?»

«ሳጥኑ ይሞላል። ከዚያ መኪናው ሲታጠፍ ጋቢና ያለው ሰው እግሩ ይታጠባል፣ እንደ ጸሎተ ሐሙስ።» በራሱ ቀልድ ሳቀ።

ጽናት አልሳቀችም። መኪናውን ሲያጥቡ መሲ ምን እንዳለቻት ትዝ አላት። «የአባዬ መኪና ታፈስ ነበር እኮ፤ ባለፈው ሲመጣ ከሥሯ ውሃ ሲንጠባጠብ አየሁ። ገብቼ ደፈንኩላት። ሳይከፍል ጋራዥ አስገባሁለት» ብላ ነበር፣ ደረቷን ነፍታ። ያኔ ተሳስቀዋል።

ጽናት ቀጥታ ወደ መሲ ቤት ሄደች። መሲ ጓዳ ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች።

«በምንድን ነው የደፈንሽው?» አለቻት ጽናት።

መሲ «ምኑን?» አላለችም። ያ ብቻውን በቂ ነበር።

«በሱፍ» አለች ቀስ ብላ። «ላዩን በጧፍ ሰም። መኪናው ሲሮጥ እንዳይወጣ ብዬ።»

«ውሃው አባ ላይ ሲወርድ በሱ ምክንያት መሆኑን አውቀሻል?»

«ወዲያው ጠርጥሬ ነበር። ግን አባዬ ሲጮህ ደነገጥኩ። በቃ፣ ከአፌ ወጣ።»

«የኔ ስም ነው ከአፍሽ የወጣው።»

«አንቺን ያን ያህል አይቆጣም ብዬ እኮ ነው፣ የሌላ ሰው ልጅ ስለሆንሽ። ትንሽ ሲበርድለት እነግረዋለሁ፣ ሙች።»

«አንቺን ቢቆጡሽ አባትሽ ናቸው፤ ነገ ይረሱታል» አለች ጽናት። «እኔን ሲቆጡኝ ትምህርቴን ነው የሚወስዱብኝ። እስከ ነገ ንገሪያቸው።»

መሲ እሺ አለች። እያለቀሰች ነው እሺ ያለችው። ጽናት ስትወጣ ልቧ ትንሽ ረጋ ብሎ ነበር፤ ሰባት ዓመት ያመኑትን ሰው በአንድ ቀን ማመን ማቆም ቀላል አይደለም።

ረቡዕ ነጋ። ረፋዱ አለፈ። ማንም አልጠራትም። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሞላሌን ሲያለብስ ጽናት ራሷ ሄደች። ጋሽ ወንዳፈራሁ ግቢ ውስጥ ፒካፑ ላይ ጆንያ ይጭናሉ። መሲ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ጽናትን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ልትናገሪ ነው የመጣሽው?» አሉ ጋሽ ወንዳፈራሁ።

«ላሳይዎ ነው፣ ጋሼ። እባክዎ መኪናውን ያስነሡልኝና ኤሲውን ይክፈቱት።»

«በዚህ ብርድ? ልጅቱ ጤና የላትም እንዴ?»

«ውሸቴን ከሆነ ሁለተኛ ደጅዎን አልረግጥም።»

ሰውየው ግራ ገባቸው። ግን አስነሡት። ሞተሩ እየሠራ ቆዩ፤ የእርጥብ ጉም ጊዜ ነው፣ ኢቫፖሬተሩ ላብ አያጣም። ጽናት ጎንበስ ብላ ከመኪናው ሥር አሳየቻቸው። መሬቱ ደረቅ ነው። «ኤሲ ሲሠራ እዚህ ውሃ መንጠባጠብ ነበረበት» አለች። ከዚያ ጆንያ አንጥፋ በጀርባዋ ገባች፣ ቱቦውን በዳበሳ አገኘችው፣ በጥፍሯ ፈልቅቃ ሳበች። ውትፉ ሲወጣ ውሃው ተንፎልፍሎ እጅጌዋን እስከ ብብቷ ሞላው።

ጋሽ ወንዳፈራሁ ቁጢጥ ብለው ውሃው ሲወርድ አዩ። ቆመ ሲሉት ይመጣል። ስለ ሳጥኑ፣ ስለ ላቡ፣ ስለ ቱቦው ነገረቻቸው። ውትፉን ተቀብለው በጣቶቻቸው አገላበጡት፤ የተጠቀለለ ሱፍ፣ ላዩ ላይ ሰም።

«ይሄ በራሱ የገባ አይደለም። ሰው ነው የደፈነው» አሉ። «ማነው?»

ጽናት ወደ መሲ ዞረች። «በይ፣ አሁን በይ» አለች በልቧ። «አሁን ቀላል ነው። አባትሽ አልተቆጡም። እኔም አጠገብሽ ነኝ።»

መሲ ከንፈሯን አረጠበች። «የሸዋ ሮቢት ልጆች ይሆናሉ» አለች። «እዚያ መኪና ይነካካሉ።»

የመጀመሪያው ድንጋጤ ነበር እንበል። ይሄኛው ግን አስባበት ነው። ጽናት እንባዋ መጣ፤ ዋጠችው። አሁን የመሲን ስም ብትጠራ ማን ይፈርድባታል? አንድ ቃል ነው። አፏ ውስጥ ነበር።

«ጋሼ፣ ባልዲ አለመድፋቴን አመኑኝ?»

«አመንኩሽ። አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

«የደፈነው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። በክፋት አይደለም፣ መኪናው የሚያፈስ መስሎት ነው። አላውቅም ብልዎ እዋሻለሁ። ስሙን ግን ከኔ አይሰሙም። ራሱ ይንገርዎ።»

ጋሽ ወንዳፈራሁ ውትፉን አዩ። ደጃፉ ላይ ያለችውን ልጃቸውን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩዋት። ውትፉን ኪሳቸው ከተቱና «ነገ በጠዋት ድረሽ» አሏት ጽናትን።

ሐሙስ ጠዋት ጽናት ከእናቷ ጋር መጣች። እናቷ ስመዋት፣ የተጠቀለለውን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባናዋን፣ አሸክመዋት ተመለሱ። መሲ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። ከአባቷ ጋር አባ መርስዔ ኃዘን ቤት ሄደው ጉልበት ስመው መምጣታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ነበር። ጽናት ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። መኪናው ተነሣ።

ከተማውን ወጡ።

«ነገርኩት እኮ» አለች መሲ በሹክሹክታ። «ሁሉንም።»

«ሰማሁ። ደግ አደረግሽ።»

«እንግዲህ እንደ ድሮው ነን፣ አይደል?» እጇን ወደ ጽናት እጅ አስጠጋች። «እትዬ እታገኝ ክፍሉን አጽድታልናለች። አልጋው ሰፊ ነው አለች፤ ለሁለት ይበቃናል።»

ጽናት እጇን አላሸሸችም፤ የመሲንም አልያዘችም። ጉልበቷ ላይ ያለውን ባና አስተካከለች።

«አልጋው ላይ አንቺ ተኚ» አለች። «እኔ ባናዬን መሬት አነጥፋለሁ።»

መሲ እጇን ሰበሰበች።

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም» አለች ጽናት። እውነቷን ነበር።