ውሃ የማይወድ ጣውላ

«እንደምን ዋሉ?» አለችው።

እንግዳው የሚባለው ቀጥቃጭ ዞሮ ከኋላው ማን እንዳለ አየ። ማንም የለም። ወረታ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲኖር አንቱ ያለው ሰው አልነበረም። ቀጥቃጭ ጸጉሩ ቢሸብትም አንተ ነው። ማጭድ ሊያሠሩ የሚመጡት እንኳ «እዚያ መሬት ላይ አስቀምጠው» ይሉታል እንጂ ከእጁ አይቀበሉም። በዚያው ማጭድ ግን ሩዛቸውን አጭደው፣ ጠግበው ያድራሉ።

ስለዚህ ልጅቱ የምታላግጥበት መሰለው።

ይርጋለም ትባላለች፤ የሩዝ መፈልፈያው ባለቤት የአያ አንለይ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ስለ ፕላስቲክ ስትማር ቆይታ ለመመረቂያ ጽሑፏ አገሯ ተመልሳለች። ክረምት ገብቶ የፎገራ ሜዳ ውሃ ሲተኛበት የአባቷ መፈልፈያ ማብሪያ የታሰረበት እንጨት ይርሳል፤ የነካውን ሁሉ ይነዝራል። እንግዳው የተጣለ ጀሪካን አቅልጦ፣ ከሩዝ ገለፈት ጋር ለውሶ ጣውላ እንደሚሠራ ሰምታ ነው የመጣችው።

አንዱን ጣውላ አነሣላት። መሬት ሊያስቀምጠው ጎንበስ ሲል ከእጁ ተቀበለችው። አሸተተችው፤ በጉልበቷ አጎበጠችው፤ በጣቷ እያንኳኳች ጆሮዋን አስጠጋች።

«ማን አስተማረዎት?»

«ማንም። ከስምንተኛ ክፍል ነው የወጣሁ።» አብሮት አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ስለጠፋ እንደ ወጣ ግን አልነገራትም። «ገለፈቱ ብቻውን ይበናል። ጀሪካኑም ብቻውን ፀሐይ ሲያገኘው ይለመጣል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን...»



«አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል» አለችና ደብተሯን አወጣች።

ሁለት ሳምንት ተመላለሰች። ጣውላውን በሁለት ድንጋይ ላይ አጋድማ አንድ ኩንታል ሩዝ አስጫነችበት። ሁለት ጣት ያህል ጎበጠ፤ ሲወርድለት ቀና አለ። እሷ በማስመሪያ ትለካለች፤ እንግዳው እሷን ያያል። አንዲትን ነገር ሦስት ጊዜ ሳትለካ አትጽፍም። ይህን ያህል ተጠንቅቆ ሥራውን የተመለከተለት ሰው በዕድሜው አላጋጠመውም።

በኋላ ሲርስ ኤሌክትሪክ ያሳልፍ እንደሆነ ለመፈተን አንዱን ጣውላ ወደ መፈልፈያው ወሰደችው። በማግስቱ እንግዳው ወሬ ሊጠይቅ ሲሄድ ጣውላው ግድግዳ ተደግፏል። በጠመኔ ተጽፎበታል፦ «እንግዳው፤ ወደቀ።» ሠራተኞቹ እያነበቡ ይሣሣቃሉ።

ያችን ቃል ያውቃታል። ከስምንተኛ ክፍል ሲቀር ወረቀቱ ላይም ያው ነበር የተጻፈው።

ማታውን ስትመጣ ቀና ብሎ አላያትም። «መሣቂያ ፈልገሽ ከነበር አግኝተሻል። ሂጂ።»

 ደብተሯን ታቅፋ ሄደች።

ሦስት ቀን ብረት ብቻ ቀጠቀጠ። በአራተኛው ቀን ጣውላውን በመጋዝ ለሁለት ከፍላ ተሸክማ መጣች። ሰላምታም አላስቀደመች።

«ከማባረርዎ በፊት ውስጡን ይዩት።»

አየ። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ሞልቶታል፤ በየስንጥቁ ገለፈቱ ርሶ ጠቁሯል።

«ትኩስ እያለ ምን አደረጉት?»

«ውሃ ውስጥ ነከርሁት። አባቴም አያቴም እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ብረት በውሃ ነው የሚጠነክር...»

ይህን እየተናገረ ነገሩ ገባው። እጁ በአየር ላይ ቀረ።

«ይኼ ብረት አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «በድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይሰነጠቃል። ገለፈቱ በስንጥቁ ውሃ ይጠጣል፤ ኤሌክትሪኩም በውሃው በኩል ያልፋል። ደረቁን ስለካው ምንም አላሳለፈም። ሥራህ ግሩም ነው። የወደቀው ያች ጣውላ ናት እንጂ አንተ አይደለህም።»

አንተ አለችው። ዕድሜ ልኩን ያቺን ቃል ሰምቷል፤ እንደዚህ ተብላ ግን አልሰማትም።

«ታዲያ ስሜን ምን አስጻፈሽ?»

«የሠራው ሰው ስም ይጻፋላ። ጽሑፌ ላይም ስምህ ከስሜ ጎን ነው ያለው። አንተ ግትር... ሦስት ቀን እህል አልበላሁም።»

እንደ ገና ጀመሩ። ገለፈቱን ቆርቆሮ ላይ በፀሐይ አደረቁት። ትኩሱን ጣውላ ድንጋይ ጭነው፣ ውሃ ሳያስነኩ፣ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጡ። መጠበቅ ለቀጥቃጭ ከባድ ነው። የዚያን ቀን ግን ጣውላው ባይበርድ በወደደ።

«እኔ ቀጥቃጭ ነኝ እኮ» አላት።

«እሱን አውቄ ነው የመጣሁ።»

አያ አንለይ የሁለቱ ወሬ ሲደርሳቸው ወደ እንግዳው ቤት መልእክት ሰደዱ። ጣውላውን እንቀበላለን፤ ልጃችንን ግን ከቀጥቃጭ ደጅ አንሡልን አሉ። ይርጋለም አባቷን አንድ ነገር ብቻ ለመነቻቸው፤ አዲሱ ጣውላ ሲፈተን ቆመው እንዲያዩ።

ሁለት ጣውላ ተሠራ። ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ቆዩ። አንደኛው ከነርጥበቱ ማብሪያው ታሰረበት። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ይርጋለም በመሣሪያዋ ለካች፤ አንዳችም አላለፈም። ሠራተኞቹ ግን አፈገፈጉ።

«ማን ይነካዋል?» አሉ አያ አንለይ።

እንግዳው መዳፉን ጣውላው ላይ ዘረጋ። ይርጋለም አባቷ እያዩ የሷን እጅ ከእጁ አጠገብ አሳረፈች። ሞተሩ ይጮኻል። ሁለቱም ንቅንቅ አላሉም።

አያ አንለይ ሁለቱን እጆች ብዙ አዩ። ከዚያ ለሌላው ሞተር የመጣውን ሁለተኛውን ጣውላ በዓይናቸው ጠቆሙ። እንግዳው አነሣና እንደ ለመደው መሬት ሊያስቀምጥላቸው ጎንበስ አለ።

«ተው፣ አታስቀምጠው» አሉት። «ወዲህ በለኝ።»

በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ልጃቸው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ሽማግሌዎችህን ሐምሌ ሳይወጣ ላክ» አሉና ፊታቸውን ወደ ሞተሩ አዞሩ። 

ጥር ላይ ተጋቡ። ቀጥቃጭ ቤት እህል አንቀምስም ብለው የቀሩ አሉ፤ እንግዳው እያንዳንዳቸውን በስም ያውቃቸዋል። ይቅሩ። ሩዛቸውን ይዘው መፈልፈያው ዘንድ መምጣታቸው ግን አልቀረም። ወረፋቸው ሲደርስ፣ ክረምት ከበጋ፣ የእንግዳውን ጣውላ ደገፍ ብለው ይቆማሉ።