የዳዱ ቁመት

«አቁሙ! ኧረ አቁሙ! በረንዳዬን ልታወርዱት ነው!»

የጣፋጭ ቤቱ ባለቤት ጩኸት ሰፈሩን አናጋው። አራት ሰዎች ለበዓሉ በር አግዳሚ እንዲሆን በመንገዱ አግድም የተሸከሙት ረጅም ቀርከሃ አንድ ጫፉ ከግራው ግድግዳ፣ ሌላው ጫፉ ከበረንዳው ተላትሞ አላልፍም ብሏል። ጂምሊ ላፕቶፑን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች። የበሩን ንድፍ የሠራችው እሷ ናት። በንድፉ መሠረት በሩ ሃያ ሁለት ጫማ ይሰፋል፤ መንገዱ ግን፣ ጉድ በል ኮልካታ፣ ሃያ አንድም በቅጡ አይሞላም።

የሂንዱዎቹ እናት አምላክ የዱርጋ በዓል ደርሷል። የሰፈሩ ክበብ ዘንድሮ አምሳኛ ዓመቱ ስለሆነ፣ ከበዓሉ ዳስ ፊት የሚቆመው በር ቁርጥ የመጀመሪያውን ዓመት በር እንዲመስል ተወስኗል። ከዚያ በር የተረፈው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶው ላይ የጂምሊ አያት፣ ዳዱ የምትላቸው፣ ያኔ ጎረምሳ ሆነው ከምሰሶው ጎን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

ጂምሊ ፎቶውን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብታ መስመር በመስመር ቀዳችው። ኮምፒውተር ግን ፎቶ ስላየ ብቻ በሩ የክብሪት ቀፎ ያክል ይሁን የቤተ መንግሥት ያክል አያውቅም። ልኩ የታወቀ አንድ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ማሳየትና እውነተኛ ርዝመቱን መጻፍ ያስፈልጋል፤ የቀረው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይሰፋል ወይም ይጠባል። እሷም ብዙ አልደከመችም። አያቷን ቁመታቸውን ጠየቀቻቸው።

«ያኔ? አምስት ጫማ ከአሥር ኢንች!» አሉ ዳዱ ደረታቸውን ነፍተው። «የክበቡ የእግር ኳስ ቡድን በረኛ የነበርኩት እንዲያው መሰለሽ? የግቡን አግዳሚ ሳልዘል ነበር የምነካው። አሁን እርጅና አሳጥሮኝ ነው እንጂ!»

አሁን ደግሞ ይኸው።

«ብዬ ነበር!» አሉ የሰፈሩ ልጆች ካኩ፣ አጎቴ፣ የሚሏቸው የክበቡ ጸሐፊ ሞንቱ ካኩ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ለጓደኛዋ ለቡባይ ወንድም እንስጠው፣ ኢንጂነሪንግ ይማራል ብዬ ነበር። በሉ ንድፉን ለእሱ ስጡት።»

የበዓሉን በር ሴት ልጅ ስትነድፍ ጂምሊ የመጀመሪያዋ ናት፤ በዚህ ዓይነት የመጨረሻዋም ልትሆን ነው። «ካኩ፣ ትንሽ ጊዜ ብቻ! በእናትዎ!» ብላ ጣፋጭ ቤቱ ደረጃ ላይ ዘጭ አለች።

ፎቶውን አጎላችው። ጠርዙ ላይ የብረት ፍርግርግ ያለው መስኮት ይታያል። ቀና ብላ አየች። ያው መስኮት! ቀለሙ ተቀየረ እንጂ ዛሬም እዚያው አለ። ጓደኛዋ ቡባይ ሜትር ይዞ ሮጠና ለካላት፤ አራት ጫማ። ቁጥሩን ጻፈችው። መስመሮቹ ሁሉ ባንዴ ሰብሰብ አሉና በሩ ሃያ ጫማ ላይ አረፈ። ሃያ! እንዲያውም ቦታ ይተርፈዋል። በደስታ ልትጮህ ምንም አልቀራት።

ከዚያ እስቲ ብላ ፎቶው ላይ ያሉትን ዳዱን ከእግር እስከ ራስ ለካቻቸው። አምስት ጫማ ከሦስት ኢንች።

«እንዴ!» አፏን በእጇ ያዘች። ሳቋ መጣ፤ ግን ቀና ስትል ተወችው። ዳዱ ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጃንጥላቸውን አጥብቀው ይዘው፣ እሷን እሷን ያያሉ። ገብቷቸዋል።

«እና ስህተቱ ምን ኖሯል?» አሉ ሞንቱ ካኩ።

ዳዱ ቁመታቸውን ጨምረው ነገሩኝ ብትል በቃ፣ ጥፋቱ ከላይዋ ይወርዳል፤ ንድፉም እጇ ላይ ይቀራል። ዳዱን ግን ሰፈሩ እስከ መጪው ዓመት በዓል መሳቂያ ያደርጋቸዋል። የአያቷን ዓይን ማየት አቃታት።

«በአንድ ልኬት ብቻ ተማምኜ ነው፣ ካኩ። በሌላ ነገር ማመሳከር ነበረብኝ፤ አላመሳከርኩም። አሁን በመስኮቱ አስተካክዬዋለሁ፣ ሃያ ጫማ ነው።»

ካኩ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ቀርከሃ ሠሪው ሃራን ከት ብሎ ሳቀ። «ተዋት እንጂ! ረጅም ቀርከሃ ይቆረጣል። አጥሮ ቢሆን ነበር ጉዱ!»

«ይሁን እሺ» አሉ ካኩ። «ሁለተኛ ብትሳሳቺ ግን...»

«አልሳሳትም!»

ሰዉ ሳቀ። መጋዙም ሥራውን ጀመረ። ጂምሊን ደስታ ሊያፈነዳት ደረሰ።

ቡባይ ግን አርፎ የሚቀመጥ ልጅ አይደለም። አንገቱን ወደ ስክሪኑ አሰገገ። «ቆይ ቆይ! በመስኮቱ ከተለካማ፣ ዳዱ ራሳቸው ስንት ሆኑ? አቦ ለኪያቸው እስቲ!»

«እውነትም! እስቲ እንይ!» ብሎ ሰፈርተኛው ላፕቶፑን ከበበው። ዳዱ ጃንጥላቸው ላይ አዲስ ነገር እንዳገኙ ሁሉ ያገላብጡት ጀመር።

ጂምሊ የስክሪኑን ቀስት ፎቶው ላይ፣ ልክ የዳዱ ጫማ ላይ አሳረፈች። ከዚያ ፎቶውን ከንድፉ ውስጥ አጠፋችው። ነጩ ስክሪን ላይ የበሩ መስመሮች ብቻ ቀሩ።

«አንቺ! ምን ነካሽ?» ጮኸ ቡባይ።

«የተሰጠኝ ሥራ በር ነው» አለችው። «ሰው ለኪ ያለኝ የለም።»

ዳዱ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ብድግ አሉ። «ጂምሊ! በሩ እንዳያጥርብኝ አደራ። ጭንቅላቴን እንዳይመታኝ።»

«እንግዲህ ምን ይደረግ ዳዱ» አለች ሳቋን እየዋጠች፣ «ጎንበስ ብለው ይግቡ።»